የምክር ቢሯችሁ ዌብሳይት መታደስ እንዳለበት በምን ታውቃላችሁ?

አንድ ወጣት ለወራት ሲያመነታ ቆይቶ በመጨረሻ ቀጠሮ ያዘ። መደወል ስላልደፈረ የያዘው በዌብሳይት ነበር። ፎርሙ ላይ ካሉት ምርጫዎች "3፡00" የሚለውን ነካ። በነጋታው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከሥነ ልቦና ምክር ማዕከሉ በር ደረሰ። በሩ ተቆልፏል። ባለሙያዋ ጠዋት ጠዋት ሆስፒታል ነው የምትሠራው፤ ማዕከሉን የምትከፍተው ከሰዓት በኋላ ነው። ፎርሙ ላይ የነበረው 3፡00 በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። ልጁ ደረጃው ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሞ ሄደ። ይህን የነገረን ጥበቃው ነው። ልጁ ተመልሶ አልመጣም።

ባለሙያዋ እኔን የጠራችኝ ግን በዚህ ምክንያት አልነበረም። "ዌብሳይታችን መልኩ አርጅቷል፣ ዘመናዊ አድርግልን" ነበር ያለችው። የልጁ ነገር የመጣው በጨዋታ መሀል ነው። እኔ ዌብሳይት ሠርቼ ነው የምተዳደረው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን የምክር ቢሮን ዌብሳይት በመልኩ መመዘን ትቻለሁ። አሁን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ የፈራ፣ የደከመው፣ ኔትወርኩ የሚቆራረጥበት ሰው በዚህ ገጽ በኩል እናንተ ጋ መድረስ ይችላል? ካልቻለ ዌብሳይቱ ይታደስ። ከቻለ ደግሞ ቀለሙ ቢሰለቻችሁም ገንዘባችሁን ለሌላ ነገር አውሉት።

ይህን ለማወቅ የሚከተለውን ሥሩ። ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ዴቨሎፐር መጥራት አያስፈልግም፤ አንድ ደብተር ብቻ ያዙ።

ደረጃ 1፦ ኮምፒውተሩን ዝጉና ስልክ አንሡ

የማዕከል ባለቤቶች ዌብሳይታቸውን የሚያዩት ቢሮ ተቀምጠው፣ በዋይፋይ፣ በትልቅ ስክሪን ነው። እርዳታ የሚፈልገው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ማታ ነው፤ ቤተሰብ ከተኛ በኋላ፣ የስልኩን ብርሃን ቀንሶ፣ በሞባይል ዳታ። እናንተም እንደዚያው እዩት። ዋጋው ውድ ያልሆነ አንድሮይድ ስልክ ተዋሱ። ዋይፋዩን አጥፉ። ስልኩ ከዚህ በፊት የከፈተውን እንዳያስታውስ ኢንኮግኒቶ በሚባለው መስኮት ግቡ።

ጎግል ላይ የማዕከላችሁን ስም አትጻፉ። የጨነቀው ሰው ስማችሁን አያውቅም። እሱ የሚጽፈው "እንቅልፍ እምቢ አለኝ"፣ "የትዳር ምክር አዲስ አበባ"፣ "ለድብርት ምን ይሻላል" ነው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሞክሩ። የት ላይ እንደወጣችሁ፣ ወይም ጭራሽ አለመውጣታችሁን ደብተሩ ላይ አስፍሩ።

ገጹ እስኪከፈት ቁጠሩ። ጎግል ያስቀመጠው ልክ የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ነው። ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ በሚባለው የጎግል ነጻ መሣሪያ ላይ አድራሻችሁን ብታስገቡ የእናንተን ይነግራችኋል። ብዙ ጊዜ የማገኘው ጥፋተኛ ከካሜራ እንደወጣ የተጫነ ትልልቅ ፎቶ ነው። እሱን ማሳነስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለእሱ ብላችሁ ዌብሳይት አታፍርሱ።

ጽሑፉን ለማንበብ በሁለት ጣት መለጠጥ ካስፈለገ፣ ወይም ገጹ ወደ ጎን የሚንሸራተት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ ዌብሳይት ለስልክ ታስቦ አልተሠራም። ጎግልም ዛሬ ገጾችን የሚመዝነው በዋናነት በስልክ በሚታዩበት መልክ ነው፤ ወደዚህ አሠራር መሸጋገሩን መጨረሱን ያስታወቀው በፈረንጆቹ 2023 ነው። ለእኔ ይህ ምልክት ብቻውን ከመሠረቱ ለመሥራት ይበቃል።

ደረጃ 2፦ ሌላ ሰው ሲጠቀም ዝም ብላችሁ ተመልከቱ

ከሁሉም የሚያስተምረው ይህ ነው። ከሙያው ውጭ የሆኑ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ፈልጉ። ጎረቤት፣ የጸሐፊዋ እህት፣ ከታች ያለው የፎቶ ኮፒ ቤት ልጅ ይሆናሉ። ስልክ ስጧቸውና ሦስት ነገር እንዲፈልጉ ጠይቁ፦ ሴት ባለሙያ አለች ወይ? አንድ ጊዜ ስንት ነው የሚከፈለው? ለቅዳሜ ቀጠሮ እንዴት ይያዛል?

ከዚያ አፋችሁን ዝጉ። "እዚያ ጋ ነካ አድርጊው" ማለት ያምራችኋል፤ አትበሉ። ማታ ብቻውን ለሚፈልገው ሰው አጠገቡ ሆኖ የሚነግረው የለም።

በአንድ ማዕከል ያየሁት አሁንም ፊቴ ላይ አለ። አንዲት ወጣት ስልኩን ይዛ ዋጋ ትፈልጋለች። አውራ ጣቷ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ይሄዳል። "ስለ እኛ" የሚለውን ነካች። ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት መጣላት፤ ሦስት ስክሪን ሙሉ። ወጣች። "አገልግሎቶች" የሚለውን ነካች። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሕክምና ዘዴ ዝርዝር ነው። "ኧረ እኔ ደውዬ እጠይቃለሁ" አለች። ስልክ ቁጥሩን ከገጹ ግርጌ አገኘችው። ነካችው፤ አልደወለም። ደግማ ነካችው። ለካ ቁጥሩ የተጻፈው ፎቶ ላይ ነው። እስክሪብቶ ጠይቃ መዳፏ ላይ ገለበጠችው።

ባለሙያው አጠገቤ ቆሞ ነበር። የዲዛይኑን ነገር ከዚያ በኋላ አላነሣብኝም። "ቁጥሩን አሁኑኑ አስተካክሉት" ነው ያለው። ልክ ነበር። ነካ ሲያደርጉት የሚደውል ቁጥር፣ ነካ ሲያደርጉት የሚከፈት ቴሌግራም፤ እነዚህ ሁለቱ በየገጹ አናት ላይ ይኑሩ። መናገር የሚከብደው ሰው ቴሌግራም ላይ "ሰላም" ብሎ መጻፍ ይቀለዋል።

ደረጃ 3፦ እንግዳ ተቀባይዋ ጋ ደብተር አስቀምጡ

ለሁለት ሳምንት፣ ደዋዮች የሚጠይቁትን ጥያቄ ብቻ ትመዝግብ። ስማቸውን አትጻፍ። "የት አካባቢ ናችሁ?"፣ "ልጅ ታያላችሁ?"፣ "መድኃኒት ታዛላችሁ?"፣ "ባለቤቴን ይዤ መምጣት አለብኝ?"፣ "በቴሌብር መክፈል ይቻላል?"

በሁለት ሳምንቱ መጨረሻ እያንዳንዱን ጥያቄ ከዌብሳይቱ ጋር አስተያዩ። መልሱ ዌብሳይቱ ላይ ከሌለ የጎደለው ጽሑፍ ነው፤ ጻፉት። መልሱ እያለ ሰው የሚጠይቅ ከሆነ መልሱ ተደብቋል ማለት ነው። ይህኛው የዲዛይን ችግር ነው። ሁለቱን ለይቶ ማየት ብዙ ገንዘብ ያድናል፤ ጽሑፍ ጎድሏቸው ሳለ ሙሉ ዲዛይን የቀየሩና ያው ጥያቄ የተመለሰባቸው ቢሮዎች አይቻለሁ።

ደረጃ 4፦ አማርኛውን ፈትሹ

ከአማርኛ ገጻችሁ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጉና ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። ከሦስቱ አንዱ ይሆናል።

በትክክል ከታየ፣ ጥሩ ነው። የላቲን ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት ነገር ከወጣ፣ ጽሑፉ የተጻፈው በድሮ ፎንት ነው፤ ያ ፎንት የሌለበት ስልክ ላይ አይነበብም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ አሠራር ውስጥ ማለት ነው፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው አጻጻፍ ዛሬ የሚቆይበት ምክንያት የለም። ጭራሽ ኮፒ አልሆን ካለ ደግሞ ጽሑፉ ፎቶ ነው። ጎግል ጽሑፍን እንደሚያነብ ፎቶን አያነብም፤ "የትዳር ምክር" ብሎ የፈለገ ሰው እናንተን የማያገኘው ለዚህ ይሆናል።

ቃላቱንም ተመልከቱ። "በሽተኛ" የሚል ቃል አለ? "የአእምሮ ሕመምተኞች ማዕከል" ይላል? እንቅልፍ ያጣ፣ ከሥራ የተሰናበተ፣ ሐዘን የከበደው ሰው ራሱን በዚህ ቃል አይጠራም። በአገራችን "አማኑኤል ሄደ" የሚለው አባባል ራሱ ስንቱን ከሕክምና እንዳራቀ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሆስፒታሉ ለዘመናት ስንት ሰው አክሟል፤ ቃሉን መሸማቀቂያ ያደረግነው እኛ ነን። ሰው ችግሩን በሚጠራበት ቃል ጻፉለት፦ ጭንቀት፣ ድብርት፣ ሱስ፣ የትዳር ጭቅጭቅ፣ የልጅ ባሕርይ መለወጥ።

ፎቶውም እንዲሁ ነው። ቀይ ሶፋ ላይ የተቀመጡ ፈረንጆች ያሉበት ፎቶ ማንንም አያቀርብም። የእናንተ ክፍል፣ የእናንተ ወንበር፣ የባለሙያዋ ፊት ይታይ። ሰው ማን ፊት ቁጭ ብሎ እንደሚያለቅስ አስቀድሞ ማየት ይፈልጋል።

ደረጃ 5፦ ምስጢር ይጠበቃል ወይ?

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ሌላው ቢበላሽ ተገልጋይ ይቀንሳል፤ ይህ ቢበላሽ ግን ሰው ይጎዳል።

መጀመሪያ የዌብሳይታችሁ አድራሻ በኤችቲቲፒኤስ (https) የሚጀምር መሆኑን እዩ። ካልሆነ ክሮም ብሮውዘር ከ2018 ሐምሌ ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ "ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም" የሚል ማስጠንቀቂያ ያሳያል። ምስጢሩን ይዞ የመጣ ሰው ገና በር ላይ ይህን ካነበበ ወደ ውስጥ አይገባም። ዌብሳይቶችን የሚያኖሩት አብዛኞቹ ሆስቲንግ ድርጅቶች ለዚህ የሚያስፈልገውን ሰርተፍኬት በነጻ ስለሚሰጡ ዛሬውኑ ይስተካከላል።

ቀጥሎ ፎርሙን ክፈቱ። "ችግርዎን በዝርዝር ይግለጹ" የሚል ትልቅ ሳጥን አለ? ሰው እዚያ ላይ ለማንም ያልነገረውን ይጽፋል። የጻፈው የት ይሄዳል? ለመሞከሪያ "ይህ ሙከራ ነው" ብላችሁ ላኩና ተከታተሉት። እኔ ስከታተል፣ ዌብሳይቱን ከዓመታት በፊት የሠራው ልጅ የግል ኢሜይል ውስጥ ሲገባ አግኝቼዋለሁ። ልጁ ምንም ክፋት የለውም፤ ማንም አስታውሶ አድራሻውን አልቀየረውም እንጂ። ያን ሳጥን አንሡት። ስም፣ ስልክ፣ የሚመቸው ሰዓት፣ "ብንደውል ችግር የለውም ወይስ በጽሑፍ ይሻላል?" የሚል ምርጫ ይበቃል። ዝርዝሩን ክፍሉ ውስጥ ይንገራችሁ።

ስልኩን ከእህቱ ወይም ከባለቤቱ ጋር የሚጋራ ሰው መኖሩንም አትርሱ። ቀጠሮ የሚያረጋግጠው የጽሑፍ መልእክት "የአእምሮ ጤና" የሚል ስም ይዞ ስክሪኑ ላይ ብቅ እንዳይል።

ሕጉም አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ይመድበዋል። የአእምሮ ጤናም እዚያው ውስጥ ነው። አሜሪካ ሆናችሁ የምትሠሩ ደግሞ ሂፓ የሚባለውን የጤና መረጃ ጥበቃ ሕግ ታውቁታላችሁ፤ የተገልጋይን የጤና መረጃ የሚይዝላችሁ የፎርም ወይም የኢሜይል ድርጅት ከእናንተ ጋር የጽሑፍ ውል መግባት አለበት። ተራው ነጻ ኢሜይል ይህ ውል የለውም። እዚያው አሜሪካ፣ ከፈረንጆቹ 2022 ጀምሮ ደግሞ ኢንሹራንስ ሳይጠቀም ከኪሱ የሚከፍል ሰው የዋጋ ግምት በጽሑፍ የማግኘት መብት እንዳለው ዌብሳይቱ ላይ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

የማስታወቂያ መከታተያ ኮዶችም ይፈተሹ። የፌስቡክ ፒክስል የሚባለውን ዴቨሎፐሮች እንደ ልማድ ያስገቡታል። ማን የትኛውን ገጽ እንዳየ ለፌስቡክ ይናገራል። "የሱስ ሕክምና" የሚለውን ገጽ ያየውን ሰው ጭምር ማለት ነው። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2023 ቤተርሄልፕ የተባለውን የኦንላይን ቴራፒ ድርጅት የተገልጋዮችን መረጃ ለፌስቡክና ለሌሎች ለማስታወቂያ አሳልፎ ሰጥቷል ብሎ ከሶት፣ ድርጅቱ 7.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የእናንተ ቢሮ ትንሽ ይሁን እንጂ የሰውየው ምስጢር ያው ምስጢር ነው። ኮዱን አስወጡት።

በመጨረሻም፣ ራሱን ሊጎዳ ያሰበ ሰው ገጻችሁ ላይ ቢገባ ምን ያነባል? ማዕከላችሁ ማታ የማይሠራ ከሆነ በግልጽ ጻፉት፤ በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እንዲሄድ ንገሩት። አሜሪካ ላላችሁ 988 የሚለው፣ ራሱን ሊጎዳ ያሰበ ሰው የሚደውልበት ቁጥር በየገጹ ይኑር።

ደረጃ 6፦ ሰዓትና ቀን

መጀመሪያ ላይ ያነሣሁትን ወጣት በር ላይ ያስቀረው ይህ ነው። ከውጭ አገር የተገዛ የቀጠሮ ፎርም የኛን ሰዓት አያውቅም። "ጠዋት 3 ሰዓት"፣ "ከሰዓት 9 ሰዓት" ብሎ በፊደል መጻፍ አለበት፤ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ቀኑም "ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4 (ኦክቶበር 14)" ተብሎ በሁለቱም አቆጣጠር ይታይ።

በኦንላይን የውጭ አገር ሰው የምታዩ ከሆነ ጉዳዩ ይብሳል። ሪያድ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ዋሽንግተን ከኖቬምበር እስከ ማርች 8፣ ከማርች እስከ ኖቬምበር 7 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ እነሱ በማርችና በኖቬምበር ሰዓታቸውን ሲቀይሩ እኛ አንቀይርም። ፎርሙ የተገልጋዩን ከተማ ጠይቆ የሁለቱንም ሰዓት ማሳየት ካልቻለ ፎርሙ ይቀየር። ዌብሳይቱ በሙሉ መቀየር ላይኖርበት ይችላል።

ደረጃ 7፦ ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ዶሜይኑ፣ የዌብሳይቱ አድራሻ ማለት ነው፣ በማን ስም ተመዝግቧል? የሆስቲንጉ ፓስወርድ ማን ጋ ነው? ከማዕከሉ የለቀቀችውን ባለሙያ ስም ዛሬ ራሳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ? ለአንድ ስልክ ቁጥር ለውጥ ሰው መለመን ካስፈለጋችሁ፣ ወይም የሠራው ልጅ ከአገር ወጥቶ ስልኩ የማይነሣ ከሆነ፣ ዌብሳይቱ የእናንተ አይደለም። ዲዛይኑ ከመነካቱ በፊት ይህ ይጥራ። ዶሜይኑ በማዕከሉ ስምና በማዕከሉ ኢሜይል ይሁን።

ደረጃ 8፦ ወስኑ

አሁን ደብተሩን ዘርጉ። የከበደ ፎቶ፣ የጎደለ ዋጋ፣ የማይደውል ቁጥር፣ ያረጀ የባለሙያ ዝርዝር፣ የፎርም ችግር፤ እነዚህ ጥገና ናቸው። አስር ቢሆኑም ጥገና ናቸው።

ስልክ ላይ የማይነበብ ከሆነ፣ አማርኛው ፎቶ ወይም የድሮ ፎንት ከሆነ፣ የተሠራበት ሶፍትዌር ማሻሻያ የማያገኝ ከሆነ፣ ወይም ማንም ገብቶ ሊያርመው ካልቻለ ግን ጥገናው እንደ ተቀደደ ጣሪያ ይሆንባችኋል፤ እዚህ ስትደፍኑ እዚያ ያፈሳል። ከእነዚህ ሁለቱ ካሉ፣ ወይም ስልክ ላይ አለመነበቡ ብቻውን እንኳ ካለ፣ ከመሠረቱ ሥሩት። ሥራችሁ ራሱ ከተለወጠም እንዲሁ ነው። ድሮ የትዳር ምክር ብቻ ስትሰጡ ቆይታችሁ አሁን በዋናነት ልጆችን የምታዩ ከሆነ፣ አሮጌው ቤት ለአዲሱ ቤተሰብ አይበቃም።

አዲስ ለመሥራት ከወሰናችሁ ሦስት ነገር ለዴቨሎፐሩ በጽሑፍ ስጡት። አንደኛ፣ የደብተሩን ግኝት፤ "ዘመናዊ አድርግልን" ከማለት "ዋጋው በአንድ ንክኪ ይገኝ" ማለት ይሻላል። ሁለተኛ፣ የድሮዎቹ ገጾች አድራሻ ወደ አዲሶቹ በቋሚነት እንዲዞር። ሰዎች ባለፉት ዓመታት በቴሌግራም የተላላኩት ሊንክ ባዶ ገጽ ላይ እንዳይጥላቸው። ሦስተኛ፣ ከመቀየሩ በፊት ባለው አንድ ወር ስንት ሰው እንደደወለ፣ ስንት ሰው በፎርም ቀጠሮ እንደያዘ ቁጠሩ። ከተቀየረ በኋላም እንዲሁ ቁጠሩ። አዲሱ መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው በዚህ ነው።

አዲሱ በተከፈተ ቀን ያን የተዋሳችሁትን ስልክ መልሳችሁ ያዙ። ማታ፣ በዳታ፣ እንደማያውቅ ሰው ገብታችሁ ቀጠሮ ያዙ። በነጋታው በተባለው ሰዓት በር ላይ ተገኙ።

ያ ማዕከል ዛሬ በፎርሙ ላይ "ከሰዓት 9 ሰዓት" ብሎ ይጽፋል። ጥበቃውም ጠዋት ጠዋት አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይደርሰዋል። ስም የለባትም፤ ሰዓት ብቻ። ያለ ሰዓቱ የመጣ ሰው ካለ ወንበር ሰጥቶ ባለሙያዋ ጋ ይደውላል።